ለአንዲት ማኒፎልድ የተላኩ ሽማግሌዎች

አንድ ሞተር በአንድ ካርቡሬተር መሥራት ከቻለ ሦስት ለምን ያስፈልገዋል? ይህን ጥያቄ ለጓደኛዬ ለመካኒኩ ከአንድ ዓመት በላይ ስጠይቀው ኖሬያለሁ። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። አንዴ «ለጉልበት ነው» ይላል። አንዴ «ለድምፁ ነው» ይላል። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ደግሞ፣ «አንተስ ቤትህን የሞላው መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል? አንዱን ደጋግመህ አታነብም?» አለኝ። በሕይወቴ መልስ ያጣሁባቸው ክርክሮች ጥቂት ናቸው። ይኼ አንዱ ነው።

ጓደኛዬ በአሜሪካ ደቡብ፣ ቻምብሊ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከቡፎርድ ሃይዌይ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ጋራዥ አለው። ሥራውን የተማረው ኮምቦልቻ፣ የጣሊያን የጭነት መኪኖች ሆድ ውስጥ ነው። እዚህ የሚጠግነው ግን የአገራችን ልጆች ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልሱባቸውን የጃፓን መኪኖች ነው፤ ዘይት፣ ፍሬን፣ ቺንጋ፣ እንደገና ዘይት። ከጋራዡ ጥግ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ አንድ ባለ ስምንት ሲሊንደር አሮጌ የአሜሪካ ሞተር አለ። ከሁለታችንም ይበልጣል። ወደ ሌላ ስቴት የሄደ አንድ ደንበኛ ጥሎለት የሄደው ነው። ልብ በሉ፣ ሞተር ብቻ ነው፤ መኪና የለውም። በብረት ማቆሚያ ላይ ቆሞ፣ የሚሄድበት አገር ሳይኖረው፣ እንዲነሣ የሚጠበቅ ሞተር።

የዛሬ ዓመት ገደማ የዓይን ሐኪሙ ግላኮማ እንዳለበት ነገረው። ዕይታው ከዳር ጀምሮ እየጠበበ ነው። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ይህን የነገረኝ ጎንበስ ብሎ የአንድ መኪና ካንዴላ እየፈታ ነበር። ቀና ሳይል፣ «የብሎን ጥርስና የካቻቢቴ ጫፍ ሳይጠፋኝ አንድ ነገር መጨረስ እፈልጋለሁ» አለ። አንዱ ነገር ያ ሞተር ነበር። ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ የጎደለው ማኒፎልዱ ብቻ ነበር፤ ካርቡሬተሮቹ የሚቀመጡበት፣ አየርና ቤንዚኑን ተቀብሎ ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍል ባለብዙ ቱቦ አሉሚኒየም። የዱሮ ጎረምሶች፣ ያባቶቻቸውን መኪና አውሬ ማድረግ ሲያምራቸው፣ ፋብሪካው የሰጣቸውን ባለ አንድ ካርቡሬተር አውጥተው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ያስገቡ ነበር። እሱ የሚፈልገው ባለ ሦስቱን ነው፤ በዚያ ዘመን በየመንደሩ ያሉ ትንንሽ ማቅለጫ ቤቶች ጥቂት ጥቂት አፍስሰው የተዉትን።

ዓይኑ ስክሪን ላይ ስለሚደክም ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ የመኪናዬን ኮፈን የምከፍተው ፖሊስ ሲያዝዘኝ ብቻ ነው። ቢሆንም ለወራት ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ ሳነብ፣ አይቻቸው የማላውቃቸው ሽማግሎች ሁለት ካርቡሬተር ይበልጣል ወይስ ሦስት በሚል ሲወጋገዙ ስከታተል ከረምኩ። የባሕርይ ክርክር የነበረባቸውን የጥንት ጉባኤዎች ታሪክ ስላነበብኩ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም፤ እዚያም እዚህም ማን ትክክል እንደሆነ ግን አልገባኝም። በመጨረሻ አንዷን በራሴ ሥልጣን አዘዝኩ። ስትመጣ ይዤለት ሄድኩ። በጣቱ ዳሰሳትና መለሰልኝ።

«ይቺ የሌላ ሰው ሚስት ናት።»

«ሦስት ቀዳዳ አላት እኮ!»

«ዋሽንትም ቀዳዳ አለው፣ ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰር አይደለሁም። ሊያናድደኝ ሲፈልግ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ዶራቪል፣ የባቡሩ መስመር ከሚያልቅበት ብዙም ሳይርቅ፣ ባትሪው የሞተ የደንበኛ መኪና ሊያስነሣ ሄደ። ትይዩ ያለው ቤት ጋራዥ ተከፍቶ ነበር። በጀርባው ግድግዳ ላይ፣ ሰው የሠርግ ፎቶውን በሚሰቅልበት ከፍታ፣ ማኒፎልዷን ተሰቅላ አያት። የማያቸውን ነገሮች ቁጥር መቀነስ የጀመረ ሰው መንገድ ተሻግሮ ያንን እንዴት እንዳየ አልጠየቅኩትም። ሳይደውል ቤቴ መጣ።

«አገኘኋት።»

«ስንት አለህ?»

«አልሸጥም አለ። ዋጋ እንኳ አልጠራም።»

«በቃ ተዋት። አዲስም ይሠራል እኮ፤ አይቻለሁ፣ ኦርደር አደርግልሃለሁ።»

«ያየኋት እሷን ነው» አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ቀልድ መስሎኝ ነበር። «ሽማግሌ እልካለሁ።»

ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄድን። ሐጂ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ከልጃቸው ግሮሰሪ በር አጠገብ ወንበር ይዘው የሚውሉ የወሎ ሰው ናቸው። እስላሙንም ክርስቲያኑንም ያስታርቃሉ፤ ባልና ሚስት፣ ሸሪክና ሸሪክ፣ ጎረቤትና ጎረቤት። ጉዳዩን ስንነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ዕቃ ነው ያላችሁኝ?» አሉ።

«ዕቃ ነው ሐጂ» አለ ጓደኛዬ።

«የት አስቀምጦታል?»

«ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።»

«ያምርበታል ብሎ?»

«እንጃ። ሲያየው ግን አየሁት።»

«እንግዲያው እንደ ልጅ ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ቋንቋውን ትይዛለህ። ሱፍ አለህ?»

ደንቡ ሦስት ሰው ነው። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር፤ እሑድ ጠዋት ሺፍት ተደርቦበት ካንስል አደረገ። ስለዚህ ሁለት ሆነን፣ ሱፍ ለብሰን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ የማናውቀውን ሰው በር አንኳኳን። በዚህ አገር ሱፍ ለብሰው እሑድ በር የሚያንኳኩ ሁለት ሰዎች ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰባኪዎች እንደሚመስሉ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ረጅም፣ ነጭ፣ ሰባውን ያለፈ ሰውዬ በሩን በስንጥቅ ከፍቶ አየንና፣ «አመሰግናለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» ብሎ ዘጋው።

«ምን አለ?» አሉ ሐጂ።

«ቤተ ክርስቲያን አለኝ አለ።»

«ማሻአላህ። ሃይማኖት ያለው ሰው ነው። አንኳኳ።»

ሁለተኛ ሳንኳኳ፣ ግድግዳው ላይ ስላለችው ነገር መምጣታችንን በዝግ በሩ በኩል ጮኼ ተናገርኩ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ወደ ጋራዡ ወስዶን ሁለት ታጣፊ ወንበር ዘረጋ። ሐጂ አልተቀመጡም፤ እኔም አልተቀመጥኩም።

«ወገባቸውን ያማቸዋል?» አለኝ።

«አይ። እሺ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም። ባህል ነው።»

ትንሽ አሰበ። «እኔስ ልቀመጥ?»

ተረጎምኩ። «ይቀመጡ እንጂ!» አሉ ሐጂ። «ቤትዎ አይደለም እንዴ?»

ተቀመጠ። ሐጂ ዱላቸውን ይዘው፣ ልጃችን ይህችን ነገር ዓይቶ እንደወደዳት፣ እኛም ደጅዎን ረግጠን ልንጠይቅ እንደመጣን፣ ቢፈቅዱልን ክብሩ የሁላችን እንደሚሆን ተናገሩ። ስተረጉመው ፊቴ ጋለ። ያነበብኩት ሁሉ ለዚያች ደቂቃ አልጠቀመኝም። ሰውየው በጥሞና ሰማንና፣ «አይሸጥም» አለ።

ሐጂ ፊታቸው በራ። «ደግ። እንግዲህ ቀጠሮ ይስጡን።»

«ሁለት ሳምንት ቆይተን ብንመጣ ያስቸግርዎታል ወይ ነው የሚሉት» አልኩት። ያላሉትን ሁለት ሳምንት የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደጨመርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ብዙውን ጊዜ ቤት ነኝ» አለ ሰውየው። የዚህ አገር ደቡብ ሰው እምቢ ሲልም ትሕትናውን አይጥልም። እሺ እንዳልሆነ ገብቶኛል። እምቢ መሆኑን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

መኪና ውስጥ ተጨቃጨቅን።

«ሐጂ፣ እዚህ አገር አይሆንም ማለት አይሆንም ማለት ነው።»

«ልጁን ሲጠይቁት በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ምን ዓይነት አባት ነው?»

«አባት አይደለም! የብረት ባለቤት ነው!»

«አንተ መጽሐፍ ታውቃለህ» አሉ፣ ቀበቷቸውን እያሰሩ። «አባት አታውቅም።»

በሁለተኛው ቀጠሮ ሐጂ አንድ ካርቶን ተምር አስያዙኝ። ጓደኛዬም መጥቶ ነበር፤ ጠያቂው ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገባምና፣ ከማዕዘኑ ወዲያ ፓርክ አድርጎ እንዲጠብቅ ተደረገ። ሰውየው ተምሩን ተቀብሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አነበበ። ወንበሮቹን ግን አልዘረጋም፤ ለራሱ ብቻ አንድ አወጣ። ያ ልቤን ነካው። ሐጂ የጓደኛዬን ጠባይ ዘረዘሩ፦ አይጠጣም፣ ሰው አያማም፣ ከደንበኛ መኪና ውስጥ ወድቆ ያገኘውን ሳንቲም እንኳ መልሶ መሪው ላይ ያስቀምጣል። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ የጠየቀው፣ የሞተሩ ሲሊንደሮች ስንት ጊዜ እንደተፋቁና ካምሻፍት የተባለው ዘንግ የማን ሥራ እንደሆነ ብቻ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

«ስለ ዘሩ ይጠይቃል» አልኩ። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

«ጥያቄማ መጣ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

መልሱን ስለማላውቅ ስልኬን አወጣሁ። ሰውየው፣ «ማን ጋ ነው የምትደውለው?» አለ።

«የሞተሩ ባለቤት ጋ። ከማዕዘኑ ወዲያ መኪና ውስጥ ነው።»

«ለምን መኪና ውስጥ ተቀመጠ?»

«ባህል ነው።»

ብድግ ብሎ ወጣ። ሐጂ «ኧረ! ኧረ የት ነው?» እያሉ ከኋላ፣ እኔ ከሐጂ ኋላ። የልጅቷ አባት ሙሽራውን ፍለጋ መንገድ ለመንገድ ሲሄድ ያዩት ያን ዕለት መጀመሪያቸው እንደሆነ ሐጂ በኋላ ነግረውኛል። ጓደኛዬ ሰውየው ሲመጣ ሲያይ ሊከበር የሚገባውን ደንብ አስቦ ወንበሩ ላይ ዝቅ አለ፤ ጥቁር መነጽሩ ብቻ ከመሪው በላይ ቀረ። ሰውየው መስኮቱን በጣቱ ቆርኮር አደረገ።

ያወሩትን ልተረጉም ቆሜ ነበር። አላስፈለግኩም። የሁለቱ እንግሊዝኛ በቁጥርና በዕቃ ስም ብቻ የተሠራ ነበር፤ ለእነሱ በቂ ሆነ። ወደ ጋራዡ ተመለስን። ሰውየው ማኒፎልዷን ከግድግዳ አውርዶ ከሥሯ ያለውን የፋብሪካ ምልክት እንዲያይ ሰጠው። ጓደኛዬ መነጽሩን አወለቀ፤ አቀረባት፤ አራቃት፤ ወደ ብርሃን አዞራት። ከዚያ ዓይኑን ተወና በአውራ ጣቱ ጥፍር ምልክቱን ፊደል በፊደል አነበበው። ሰውየው ዓይኑን ዓይኑን ሲያየው አየሁ።

«ዓይንህን ምን ሆነህ ነው?»

«እየሄደ ነው» አለ ጓደኛዬ።

ሰውየው ማኒፎልዷን መልሶ ሰቀላት። ዶራቪል የመኪና ፋብሪካ በነበረበት ዘመን እዚያ ሠላሳ ዓመት በር ሲገጥም እንደኖረ፣ ይህችን ገና ወጣት ሳለ ሊገጥማት እንደገዛት፣ የሚገጥምባት ሞተር ግን ሳይኖረው እንደቀረ ነገረን። «ለምን እንደማልሸጣት አላውቅም» አለ። «ሰው ሲጠይቀኝ ብቻ ነው አልሸጥም ማለቴን የማውቀው።»

ስለ ራሱ እንዲህ በሐቅ የተናገረ ሰው ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ሐጂ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። በሦስተኛው ይሰጣል» አሉ።

ሦስተኛውን ቀጠሮ እኛ አልጠየቅንም። በሳምንቱ ሰውየው ራሱ ደወለልኝ። ማኒፎልዷ ከጋራዡ አትወጣም። ሞተሩ ግን መምጣት ይችላል። ጓደኛዬ ከፈለገ እዚያው ይግጠማት፤ መሣሪያም ብርሃንም አለ።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ የሃምሳ ዓመት ሽማግሌነታቸው ተናጋ። «ሙሽራው ጓዙን ጠቅልሎ ከሴቲቱ ቤት ሊገባ? የት አገር ነው ይኼ?»

እኔም በሌላ ምክንያት ተቃወምኩ። አስብበት፣ አልኩት ጓደኛዬን፤ ጊዜህንና ዓይንህን የምታፈሰው የሰው ቤት ውስጥ፣ የሰው ሆኖ በሚቀር ነገር ላይ ነው። ነገ ሰውየው ሐሳቡን ቢለውጥ? ቢሞትስ? ልጆቹ መጥተው ሁሉንም ለቆርቆሮ ሰብሳቢ ቢሰጡት? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬም ትክክል ይመስሉኛል። እሱ ግን መፍቻዎቹን ወደ ሣጥን መክተት ጀመረ።

«ፒክአፕ የሚያውሰን ሰው ታውቃለህ?» አለኝ።

ሞተሩን በቅዳሜ ወሰድነው። ከዚያ ለአምስት ቅዳሜዎች ጠዋት ጠዋት ዶራቪል ሆንን። እኔ መብራት ያዥ ነበርኩ። ጓደኛዬ ብሎኖቹን በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ጫፍ ቦታቸው ላይ ያስጀምራቸዋል፤ የማይገባ ሲሆን አያስገድድም፣ አውጥቶ ይዳብሰዋል። ሰውየው ዕቃ ያቀብላል። አንዳንዴ ትክክለኛውን ከመጠየቁ በፊት ያቀብላል፤ አንዳንዴ ተሳስቶ ሲያቀብል ጓደኛዬ በአማርኛ ይሰድበዋል፣ ሰውየው በእንግሊዝኛ ይሰድበዋል፣ ሥራው ይቀጥላል። ሐጂ በሦስተኛው ቅዳሜ መጥተው ወንበር ሲዘረጋላቸው ግራ ተጋብተው ቆሙ።

«እሺ ተብለናል ወይስ አልተባልንም?» አሉኝ።

«አላውቅም ሐጂ።»

«እግሬን አሞኛል» ብለው ተቀመጡ።

በአራተኛው ቅዳሜ ሞተሩ ተነሣ። የተነሣው በጩኸትና በጭስ፣ የጎረቤቱን ውሻ አስበርግጎ ነው። የሰውየው አፍ ተከፍቶ ቀረ። እኔ አለቀ ብዬ መብራቱን አጠፋሁ። ጓደኛዬ ግን፣ «አብራው! ገና ነው» አለ። ሦስቱ ካርቡሬተሮች እኩል እንዲተነፍሱ መደረግ አለባቸው፤ ይህም በጆሮ ነው። አንድ ክንድ የጎማ ቱቦ ወስዶ አንዱን ጫፍ በጆሮው፣ ሌላውን በካርቡሬተሩ አፍ ላይ አደረገ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ አየሩ ሲገባ ያለውን ፉጨት ይሰማል፤ የየአንዳንዱን ብሎን ጥቂት ያዞራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሰማል። ለእኔ መጀመሪያም መጨረሻም አንድ ዓይነት ጩኸት ነበር። ቱቦውን ለሰውየው ሰጠው። ሰውየው ሰማና፣ «አሁን ልክ ነው» አለ። ጓደኛዬ፣ «መካከለኛዋ ትቀድማለች» አለ። ያ ቅዳሜ እንደዚያ አለቀ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ብሎኖቹ ላይ ያለችው የካቻቢቴ ስንጥቅ ጠፋችበት። ካቻቢቴው እየተንሸራተተ አሉሚኒየሙን ሁለት ጊዜ ጫረው። ሰውየው ጭረቱን በጨርቅ ጠረገው። ጓደኛዬ መሣሪያውን ዘረጋለት፤ «አንተ አዙር። እኔ ልስማ።» እንደዚያ ሠሩ፤ አንዱ እየሰማ «ግራ፣ ግራ፣ ተው፣ ትንሽ መልስ» እያለ፣ ሌላው እያዞረ። ቀትር ሊሆን ሲል ጓደኛዬ ቱቦውን ከጆሮው አውርዶ ቆመ። ሞተሩ እየሠራ ነበር።

«ይኸው ነው» አለ። «አጥፋው።»

ጸጥታው ውስጥ ሰውየው ጓንቱን አወለቀ። ሲያስብበት እንደሰነበተ፣ ማኒፎልዷ ከሞተሩ ጋር ልትሄድ እንደምትችል፣ ፒክአፑን ማምጣት እንደምንችል ተናገረ። ሐጂ ምን እንዳለ ከፊቱ አንብበው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ጓደኛዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እዚሁ ትሁን» አለ።

ጮኽኩበት፤ በአማርኛ። «አብደሃል? ሁለት ወር በሱፍ ያመላለስከኝ ለምንድን ነው? ሰጠህ እኮ!»

«እንድትሠራ ነው እንጂ እንድትሄድ መቼ አልኩ?»

«ቢያንስ ጋራዥህ ውሰዳት!»

«ጋራዤ ሆና ማን ያስነሣታል?» አለ። «ይኼ ሰው ያያል። ብሎኑን ሲያዞር እጁ አይቸኩልም።»

ይህን ለሰውየው ልተርጉምለት ወይስ አልተርጉምለት አላወቅኩም። «እዚህ ብትሆን ይሻላል ይላል» አልኩት። ሰውየው ጓንቱን መልሶ አጠለቀ፣ አወለቀ፣ የት እንደሚያስቀምጠውም ጠፋው።

ከዚያ ጓደኛዬ ወረቀትና እስክሪብቶ እንዳወጣ ጠየቀኝ። ብሎኖቹ የቆሙበትን ቦታ እንድጽፍ ነው፤ ማንም ቢነካካቸው መመለሻ እንዲኖር። ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ ተናገረ፣ እኔ በሁለቱም ቋንቋ ጻፍኩ። የፊተኛዋ፣ ጨርሶ ከተዘጋበት አንድ ዙር ከግማሽ። የኋለኛዋም አንድ ከግማሽ። የመካከለኛዋ አንድ ዙር ከሩብ፣ አንድ ፀጉር ሲቀነስ።

«አንድ ፀጉር ስንት ነው?» አልኩት።

«አንድ ፀጉር ነዋ።»

«እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሰው እንዴት ይረዳዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ጸሐፊው አንተ ነህ።»

ሰውየውን፣ አንድ ፀጉር ሲባል ይገባሃል ወይ አልኩት። አዎን አለ፤ እነሱም እንደዚያ ነው የሚሉት። አምኜበት ሳይሆን ሌላ ቃል ስላጣሁ፣ እንደተባልኩት ጻፍኩት።